የአሥራ ሰባት ቁጥር ክዳን

በሕይወቴ ከሰው ሁሉ አብልጬ የቀናሁባትን ሰው መልኳን አላውቀውም ነበር። የማውቀው ቁጥሯን ብቻ ነው፤ አሥራ ሰባት።

እናቴ ስልከኛ ነበረች። የከተማችን ስልክ ቤት ከፖስታ ቤቱ ጎን የተለጠፈች አንድ ክፍል ስትሆን ግማሿን የያዘው ማዞሪያው ነው፤ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ ፊቱ በቀዳዳ የተሞላ የእንጨት ሣጥን። ሃምሳ ቀዳዳ ቢኖረውም መስመር የገባላቸው አሥራ ሰባቱ ብቻ ነበሩ። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ በላይ ጥፍር የምታህል የብረት ክዳን አለች። በዚያ መስመር ያለ ሰው የስልኩን እጀታ ሲያዞር ክዳኗ ቀጭ ብላ ትወድቃለች፤ እናቴ ገመድ ስባ ቀዳዳው ላይ ትሰካና "አቤት፣ ማንን ላገናኝ?" ትላለች። ሲጨርሱ ክዳኗን በአውራ ጣቷ መልሳ ትዘጋታለች። ሥራው ይኸው ነው። ከክዳኖቹ ጋር አብሮ የሚጮህ ደወል ነበረ፤ ራስ ምታት ስለሚያስነሳባት ቀን ቀን ታጠፋዋለች። ዓይኔ ይበቃኛል ትል ነበር። እውነትም ይበቃት ነበር፤ እኔን እያወራችኝ እንኳ ግማሽ ዓይኗ ከክዳኖቹ ላይ አይነሳም።

አንድ ቁጥር የአስተዳዳሪው ቢሮ ነው። ሁለት ፖሊስ ጣቢያ፣ ሦስት ሐኪም ቤት፣ እያለ ይሄድና አሥራ ሰባት መጨረሻው ነው፤ ከከተማው በመኪና ሦስት ሰዓት የሚርቅ፣ ጫካው ግርጌ ያለ መንደር። ስልኩ የተተከለው በገበሬዎቹ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ሲሆን የምትደውለው የመጋዘን ጠባቂው ልጅ ነበረች።

በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ትደውላለች። ያን ጊዜ እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ፣ በሩ አጠገብ ባለው የደብዳቤ ጆንያ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአሥራ ሰባት ክዳን ስትወድቅ እናቴ ወንበሯን ወደ ሣጥኑ ጠጋ ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ድምፅ ለሌሎቹ አሥራ ስድስት ቁጥሮች የምታወጣው አይደለም።

"አለሁ ሆዴ። አለሁልሽ። እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

ሆዴ እኔ ነበርኩ። አባቴን አላውቀውም፤ አክስት፣ አጎት፣ አያት የሚባል አልነበረኝም፤ በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የምላት ነገር ብትኖር ያቺ ቃል ነበረች። እሷንም እናቴ በሽቦ ለሰው ላከችብኝ።

ማታ ቤት ስንገባ ደግሞ ድምፅ የላትም። ብዪ፣ ታጠቢ፣ ተኚ፤ ሦስት ቃል። ድምጿን ቀን ለአሥራ ሰባት ጨርሳው ነው የምትመጣው ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳስበው የምትጨርሰው በአንድ ቁጥር፣ በአስተዳዳሪው ቢሮ ላይ ነው። አሥራ ሰባት ከዘጋች በኋላ እናቴ ወዲያው የአስተዳዳሪውን ቢሮ ትጠራለች፤ ጸሐፊው ያነሳል፤ መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከተማው ጸሐፊውን "ስብሰባ" ብሎት ቀርቷል። እኔ እውነተኛ ስሙ መስሎኝ አንድ ቀን መንገድ ላይ አጎንብሼ "ጤና ይስጥልኝ አቶ ስብሰባ" ብለው፣ አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። እሱ ጆሮዬን ይዞ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የስልከኛዋ አልኩ፣ በኩራት። "ታስታውቂያለሽ" ብሎ ለቀቀኝ።

ከስልክ ቤቱ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ነበር። ለስልክ ተራ የሚጠብቅ ሰው እሱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ መንግሥት የሚታማውም እዚያ ነው። እኔ የወዳደቀ ቁልፍ ልለቅም ስገባ ወሬውን እሰማለሁ እንጂ ብዙም አይገባኝም። የጫካ ሰዎች መንደር እየወረዱ ከብት ይነዳሉ፣ ጎተራ ያቃጥላሉ፣ እምቢ ያለውን ይገድላሉ። መንደሮቹን ይጠብቁ የነበሩት ወታደሮች ለአስቸኳይ ሥራ ተብለው ከተነሱ አራት ወር ሆኗል፤ አስቸኳዩ ሥራ የአስተዳዳሪውን ግቢ መጠበቅ ሆኖ ተገኘ። ሬዲዮው ማታ ማታ አካባቢው ሰላም ነው ይላል። ልብስ ሰፊው "ሰላም ከሆነ ይህን ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለማን ነው የምሰፋው?" ይላል። እኔ ነጩን ጨርቅ እያየሁ ዘንድሮ ሰርግ በዛ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ከፈን መሆኑን ያወቅኩት ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው።

ከአሥራ ሰባት ቁጥር መንደር ሦስት ሽማግሌዎች አቤቱታ ይዘው መጥተው ሁለት ሳምንት የቢሮውን ደጅ ጠኑ። የሊቀመንበራችሁ ማኅተም የለበትም ተባሉ። ሊቀመንበሩ ተገድሏል፤ ማኅተሙንም ገዳዮቹ ወስደውታል። አንደኛው ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ እንግዲህ ጫካ ድረስ ሄደን፣ ጌቶቼ ስትገድሉን የወሰዳችኋትን ማኅተም ለአንድ ቀን አውሱን፣ ልንከሳችሁ ነው እንበላቸዋ ሲሉ ሰው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ሽማግሌው አልሳቁም።

ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ነው ልጅቷ በየቀኑ መደወል የጀመረችው። ወንዶቹ ኮረብታ ላይ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ፤ ያዩትን እሷ ትናገራለች፤ አስተማሪው ከሸሸ ወዲህ በደንብ ማንበብና መቁጠር የምትችል፣ ስልክ ላይ አፏ የማይተሳሰር እሷ ብቻ ነበረች። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አንዲት ልጅ የራሷ ስልክ እንዳላት፣ እሱ አልበቃ ብሏት እናቴን እንደምትወስድብኝ ነው።

አንድ ቀን የንባብ መጽሐፌ ጠፋ። ቦርሳዬን በረበርኩ፣ አልጋ ሥር ገባሁ፣ አስተማሪዬ ቀጣችኝ። አሥር ሰዓት ሲሆን መጽሐፌ ከእናቴ መሳቢያ ወጣ። ለአሥራ ሰባት ልታነብላት ነው። ያውም እኛ ክፍል ገና ያልደረስንበትን ተረት ገልጣ፣ የእንስሳቱን ድምፅ ሳይቀር እያስመሰለች አነበበችላት። የእኔ መጽሐፍ፣ የእኔ እናት፣ ተረቱ እንዴት እንዳለቀ ግን ከእኔ ቀድማ ያወቀችው እሷ። በመሃል እናቴ ንባቡን ታቆምና "አይዞሽ፣ ነፋስ ነው፤ አትነሺ፣ እኔ እዚህ አለሁ" ትላታለች። ነፋስ ነው! እኔ በነጎድጓድ ስደነግጥ "ተኚ" ነበር የምባለው።

ሰው በሌለበት መጋዘን ውስጥ ጥበቃዎቹ እስኪመለሱ የምትጠብቅ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ፈርታ ከስልኩ እንዳትሸሽ ማቆያ መሆኑ እንዴት ይግባኝ? ቢገባኝስ ኖሮ? እርግጠኛ አይደለሁም። ቅናት ምክንያት ሰምቶ የሚመለስ ነገር አይደለም። እኔ ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጓደኛዬ ከሌላ ጓደኛዋ ጋር ስትስቅ ካየሁ ምሳዬ አይወርድልኝም።

ሐሙስ ቀን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስደርስ እናቴን ዓይኗ ቀልቶ፣ ድምጿ ተዘግቶ አገኘኋት። ገና አሥር ሰዓት ሳይሆን። አሥራ ሰባት ጠዋትም ደውላለች ማለት ነው፤ ከሰዓቱ አልበቃ ብሏት ጠዋቱንም ወሰደችው ብዬ አንጀቴ አረረ። ወዲያው የፖስታ ቤቱ ኃላፊ በሩ ላይ ብቅ ብለው ጠሯት። ስልክ ቤቱም በእሳቸው ሥር ነበር። ክፍላቸው ከእኛ የሚለየው በሳንቃ ስለሆነ የሚሉት ሁሉ ይሰማል። ከበላይ ስሞታ መጥቶብሻል አሏት፤ ጠዋት አንድ ቁጥርን አምስት ጊዜ ጠርተሽ ጸሐፊውን ተሳድበሻል። አልተሳደብኩም አለች እናቴ፤ ጮህኩ እንጂ።

"ኃይል ተልኳል ተብለሻል አይደለም እንዴ? ሁለት መኪና ወታደር። ከዚህ በላይ ምን ይሁንልሽ?" አሉ ኃላፊው። "ከእንግዲህ ከገጠር ካልተደወለልሽ በቀር አንቺ እንዳትደውዪ። ትእዛዝ ነው። እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።"

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጆሮዬ የያዘው እንዳትደውዪ የሚለውን ነው። ልቤ ዘለለ። እናቴ ካልደወለች የሚቀረው አሥራ ሰባት እንዳትደውል ማድረግ ብቻ ነው። ኪሴ ውስጥ ብርቱካናማ የከረሜላ ወረቀት ነበር፤ ከረሜላውን ጠዋት የሰጠችኝ እናቴ ናት። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፍኩ። ወንበሯ ላይ ወጥቼ በክዳኗና በጠርዙ መካከል ጥፍሬ እስኪያመኝ ወተፍኩት። ከፊት ለፊት ለሚያየው ምንም የለም፤ ክዳኗ እንደ ሌሎቹ ተዘግታ ተቀምጣለች። ወርጄ ደብተሬን ገለጥኩ።

ለአንድ ቀን ነበር። ለአንድ ከሰዓት ብቻ ነበር እናቴን የፈለግኳት።

ተመልሳ ተቀመጠች። አሥር ሰዓት ሆነ። ክዳኗ አልወደቀችም። አሥር ሰዓት ከሩብ። እናቴ ክዳኗን ታያለች፣ ሰዓቱን ታያለች፣ ተመልሳ ክዳኗን። በመጨረሻ እጇን ወደ መጥሪያው እጀታ ዘረጋች።

"እማ" አልኩ፣ "ኃላፊው እንዳትደውዪ አላሉሽም?"

እጇ እዚያው ቆመ። ከጀርባዋ ስለነበርኩ ፊቷን አላየሁም። ቆይታ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ልክ ነሽ አለች፤ ወታደሮቹ ደርሰውላቸዋል ማለት ነው፤ ዛሬ እንኳ እንደ ልጅ ትጫወት። ይህን ስትል ድምጿ ቀለል አለ። በስንት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሯን ከሣጥኑ አዞረችና በሙሉ ዓይኗ አየችኝ።

"ነይ እስቲ ሆዴ" አለች። "ይኼ ጸጉር ምን ሆኗል?"

በሁለት ጉልበቶቿ መካከል አስቀመጠችኝ። ጸጉሬን ፈታች፣ አበጠረች፣ እያንዳንዱን ጉንጉን እየጎተተች መሥራት ጀመረች። ትምህርት ቤት ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ አስተማሪዋ እንዴት እንደምታስነጥስ ነገርኳት፤ ሳቀች። እሷም በእኔ ዕድሜ የጎረቤት ዶሮ ደብቃ አልጋ ሥር እንዳሳደረች ነገረችኝ። ጣቶቿ ይሞቁ ነበር። ከውጭ የልብስ ሰፊው መኪና ይሰማል። በልጅነቴ ከዚያ ከሰዓት የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን የለም፤ ይህን መናገር ያሳፍረኛል፣ ግን የለም።

ከሣጥኑ ውስጥ ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ቀጭ። የእናቴ ጣቶች ቆሙ። ምንድነው ብላ ጠየቀችኝ።

"አይጥ ነው" አልኩ። "ትናንትም ሰምቻታለሁ።"

ይሄ ሣጥን ደግሞ አይጥ ማሳደግ ጀመረ ብላ ሳቀችና ጉንጉኑን ቀጠለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ እስክንዘጋ ድረስ አይጧ አላቆመችም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ከተማው ገባ። ወታደር የጫነ አልነበረም። ላዩ ላይ ሴቶችና ሕፃናት ተደራርበው፣ ልብሳቸው አመድ ለብሶ፣ አንዳቸውም ሳያለቅሱ ተቀምጠዋል። ከተማው ያለቀሰው እነሱን አይቶ ነው። ሰው ሱቁን ጥሎ ወጣ፤ ሕዝቡ የአስተዳዳሪውን ቢሮ አጥር ይዞ ይነቀንቀው ጀመር። ተልኳል የተባለው ኃይል የት ነው ይላል አንዱ፤ ወታደሩን መልሱ ይላል ሌላው፤ አንዲት ሴት ደጋግማ "ስንት ጊዜ እንንገራችሁ? ስንት ጊዜ?" ትላለች። በሩ አልተከፈተም።

እናቴ ወደ ስልክ ቤቱ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። የአሥራ ሰባትን ክዳን በጥፍሯ ነካች። አልተንቀሳቀሰችም። በፀጉር ማስያዣዋ ስትቆሰቁሳት ብርቱካናማው ወረቀት ወጥቶ እግሯ ሥር ወደቀ። አነሳችው። አራቱን እጥፋት ፈታችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እንድትመታኝ ጠበቅኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጉንጬን አዘጋጅቼ ነበር። ስገልጥ ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ እየከተተች ነው።

"ትምህርት ቤትሽ ሂጂ" አለች። ስለዚያ ወረቀት በሕይወቷ ሙሉ የተናገረችው ይህንኑ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ወታደሮቹ በሦስተኛው ቀን ከፎቶ አንሺ ጋር ወደ መንደሩ ሄዱ። በሳምንቱ ከራቫት ያሰሩ ሦስት ሰዎች ለምርመራ መጡ። እናቴን ሁለት ቀን ሙሉ ጠየቋት። በሦስተኛው ቀን ሬዲዮው ዕርዳታ በወቅቱ ያልደረሰው በስልክ ሠራተኛዋ ቸልተኝነት ጥሪው ሳይተላለፍ በመቅረቱ እንደሆነ ተናገረ። የአስተዳዳሪው አጥር ላይ የነበረው ሕዝብ በዚያው ቁጣው ወደ እኛ ዞረ። የስልክ ቤቱ መስኮት ተሰበረ። እናቴን ገበያ ውስጥ ፊት ለፊቷ ተፉባት። ልብስ ሰፊው ብቻ "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" አለ፤ እሱንም በቀስታ ነው፤ ብሎም ሱቁን ዘጋ። አስተዳዳሪው ወደ ተሻለ ከተማ ተዛወረ። ስብሰባንም ይዞት ሄደ።

እናቴ ከሥራ ተባርራ የሐኪም ቤት አንሶላ አጣቢ ሆነች። ሠላሳ ዓመት። አበላችኝ፣ አስተማረችኝ፣ ዳረችኝ። ድሮም ማታ ድምፅ ያልነበራት ሴት አሁን ቀንም ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሷ ዝምታ ግን እኔን ነቀዘኝ። ለአሥራ ሰባት ሐዘን የተቀመጠች መሰለኝ። ልጅቷ ሞታለች ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፤ የገደልኳትም እኔ ነኝ። ሰው በገደላት ልጅ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። የሞተ ሰው ዕቃ አይሰብርም፣ ፈተና አይወድቅም፣ አያረጅም። ከእሷ ጋር እንዴት እፎካከራለሁ? እናቴ መስኮት ላይ ቆማ ውጭ ውጭውን ባየች ቁጥር፣ ይኸው ደግሞ እሷን እያሰበች ነው እል ነበር። ያልመታችኝም ለመምታት እንኳ ስላልፈለገችኝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

እናቴ ያለፈችው ባለፈው ዓመት ነው። በሳምንቱ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቶ ሳለ አንዲት ረጅም ሴት ገባች፤ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ፣ ነጠላ ጫማዋ በመንገድ አቧራ የነጣ። የሚያውቃት የለም። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ልጃቸው እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"ነኝ። ማን ልበል?"

"አሥራ ሰባት ቁጥር ነኝ።"

ጎረቤቶቹ ምንም አልገባቸውም። እኔ እጇን ይዤ ወደ ጓዳ አስገባኋት። የሚያሳፍረውን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት በሕይወት ኖራ የእናቴን ሐዘን በከንቱ ስትበላ ነበር ብዬ ተናደድኩ።

የመጣችው የእናቴን ስም ለማጥራት ነው። መሞቷን የሰማችው ዘግይታ ነው፤ በሕይወት ሳለች ልትፈልጋት ስንት ዓመት ተመኝታ፣ ተፈናቃይ ሆና ከከተማ ከተማ ስትንከራተት ሳይሆንላት ቀረ። የዚያን ሐሙስ ጠዋት የሆነውን ነገረችኝ። ጥበቃዎቹ የጫካ ሰዎቹ ወንዙን ሲሻገሩ አይተው እየሮጡ መጡ። አንድ ሰዓት ላይ ደወለች። እናቴ ወዲያው አንሥታ ከአንድ ቁጥር ጋር አገናኘቻት። ጸሐፊው ድምጿን ሲሰማ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፣ ትልቅ ሰው አቅርቢ ብሎ ዘጋው። አባቷ ተናገረ፤ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ላክ ተባለ። አምስት ጊዜ ነው እናቴ መልሳ መላልሳ ያገናኘቻቸው። በአምስተኛው እናቴ ራሷ መስመሩ ውስጥ ገብታ ጸሐፊው ላይ ጮኸችበት፤ ያን ጊዜ ነው "ኃይል ተልኳል፣ መንገድ ላይ ወጥታችሁ ተቀበሉ" ያለው። የተላከ አልነበረም። ሰዎቹ ከተደበቁበት ወጥተው ወደ መንገዱ ሄዱ። ስድስት ሰዓት ላይ መንገዱ ላይ ያገኟቸው ወታደሮች አልነበሩም።

"ይህን ለመርማሪዎቹ ተናግሬአለሁ" አለችኝ። አንቺ ማለት ጀምራ ነበር። "ልጅ ናት ብለው አልጻፉትም። እናትሽም ተናግራለች። እሷን የያዟት በከሰዓቱ ነው። እኔ ከአሥር ሰዓት በኋላ እስኪመሽ ደውዬ የሚያነሣ አልነበረም፤ ያልኩት እውነቴን ነው። ቦታሽ ላይ ካልነበርሽ የጠዋቱን ማን ያምንሻል አሏት። ቦታዬ ላይ ነበርኩ፣ ሳላየው ቀረሁ አለች።"

የእናቴ ማስረጃ ደረቷ ውስጥ ነበር። ወረቀቱን አውጥታ ክዳኑ በዚህ ተወትፎ ነበር ብትል ጠዋቱ ይታመንላታል፤ ሕዝቡም ቁጣውን ወደ ባለቤቱ ይመልስ ነበር። ግን ማን ወተፈው ይሏታል። ያ ሁሉ ሕዝብ ደግሞ ደጃችን ላይ ነበር። ጓዳው ውስጥ የልብስ ሣጥኑን ተደግፌ ሳለ ይህን ገና ያን ጊዜ ተረዳሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሥራ ሰባትን መርጣለች ስል፣ እናቴ የዚያን ዕለት የመረጠችው እኔን ነበር። ከመንደሩ፣ ከስሟ፣ ከእውነትም አብልጣ። ስመኘው የኖርኩት ይህ ነው። እንደማይገባኝ ያወቅኩት ግን ሳገኘው ነው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት" አለች አሥራ ሰባት። "ሐኪም እንድትልክልኝ አልነበረም የደወልኩት። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ አውቃለሁ። ሁሉም አልቆ ነበር። አባቴን እየጎተትኩ መጋዘኑ ውስጥ አስገብቼው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ነፍሱ ነበረች። በአንድ እጄ ይዤው በሌላው አዞራለሁ። 'አለሁ' ስትል ብሰማ ብዬ ነው። ለምንድነው ያላነሣችው?"

መዋሸት እችል ነበር። እናቴ ለሠላሳ ዓመት ያን ውሸት አዘጋጅታ ትታልኛለች፤ ሳላየው ቀረሁ ማለት ብቻ ነው።

"ክዳንሽን በወረቀት የወተፍኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

ለምን አለች።

"ቀንቼ።"

"በማን?"

"በአንቺ።"

"በእኔ?" አለች። አፏ ሊስቅ ይመስል ከፈት ብሎ ተዘጋ። እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ መዳፎቿን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። እንድትመታኝ ጠበቅኩ፤ እንደ ልጅነቴ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እሷስ?" ስትል ሰማኋት። "ያን ከሰዓት እሷ የት ነበረች?"

"እኔ ጋ። ጸጉሬን እየሠራችኝ።"

ዓይኔን ገለጥኩ። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ አጣሁት።

"ታድለሽ" አለችኝ።

የምሯን ነበር።